በመቀነት ጫፍ የታሰረ ክኒን

እናቴ ገንዘቧን የምታስቀምጠው እንደ ማንኛዋም የዳንግላ ባልቴት በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ነው። ልጆች ሳለን ያ ቋጠሮ ሲፈታ ማየት የሚያስጎመጅ ነገር ነበር፤ ስሙኒ ይወጣዋል፤ ቀን ከቀናን ደግሞ ሽልንግ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት ወደ እንጅባራ ስወጣ ዳንግላ አደርኩና፣ ጠዋት ልሰናበታት ስል ለባጃጅ ልትሰጠኝ ቋጠሮዋን ፈታች። መቼም ሃምሳ ዓመት ያለፈው ጎልማሳም ቢሆን እናቱ ስትሰጠው እምቢ አይልም። ከብሩ ጋር ታዲያ በብርማ ወረቀት የታሸጉ ክኒኖች ዱብ አሉ። አንስቼ አነበብኩት። ዳይክሎፌናክ ይላል።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው እማዬ?»

«የጉልበቴ ነው።»

«ማን አዘዘልሽ?»

«ጉልበቴ።»

ከመቼ ጀምሮ እንደምትውጠው ስጠይቃት «እህትህ ካገባች ጀምሮ» አለችኝ። እህቴ ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው! ዘጠኝ ዓመት፣ በቀን ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት። በዚያ ላይ የደም ግፊት አለባት፤ የእሱን ክኒን ከሌላ ቦታ ትወስዳለች። የግፊቱን የሚሰጣት ባለሙያ ስለ ጉልበቱ አልጠየቃት፤ የጉልበቱን የሚሸጥላት ልጅ ስለ ግፊቱ አልጠየቃት። እሷም ያልጠየቋትን አትመልስም፤ ያሳደጓት እንደዚያ ነው።

ባሕር ዳር ወስጄ አስመረመርኳት። ሐኪሙ የደሟን ውጤት ተመልክቶ የኩላሊቷ ሥራ ከግማሽ በታች መውረዱን ነገረን። «ይኼ የጉልበት ክኒን ከዛሬ ጀምሮ ይቁም» አለ። እናቴ ዝም ብላ ሰማችው። ወደ ዳንግላ ስንመለስ፣ መራዊን እንዳለፍን፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች እንዲህ አለችኝ፦

«ኩላሊቴን ለማን ብዬ ነው የማስቀምጠው? ኩላሊት እኮ አያራምድም። የሚያራምደኝ ጉልበቴ ነው።»

ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ለተማሪ ጥያቄ መልስ አጥቼ አላውቅም ባልልም፣ ማስመሰል ግን አላቃተኝም ነበር። ለዚህች አረፍተ ነገር ግን መልስም ማስመሰያም አጣሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ያልመለስኩትን ለመመለስ የምፍጨረጨርበት ነው።

ከማውቀው ልጀምር፤ ከቃላት። አማርኛ ለሕመም ቃል አያንሰውም። ራስ ይፈልጣል፤ ሆድ ይቆርጣል፤ ጎን ይወጋል፤ ጥርስ ይጠዘጥዛል፤ አጥንት ይቆረጥማል፤ ቁስል ያንገበግባል፤ እግር ይነዝራል። እያንዳንዱ ግስ የራሱ ቦታና የራሱ ባሕርይ አለው። «ቁርጥማት» የሚለውን ቃል የፈጠረ ሰው ሕመሙን አንድ ነገር ቁጭ ብሎ አጥንቱን እንደ ቆሎ ሲቆረጥምበት አድሮ መሆን አለበት። እናቴ ደግሞ ሁለት ቋንቋ አላት፤ ቀን ሕመሟን የምትነግረን በአማርኛ ነው፤ ሌሊት ሲብስባት የምታቃስተው ግን በአዊኛ ነው።

ለሕመም ይህን ያህል ቃል ያለው ሕዝብ ለመድኃኒቱ የሰጠውን ስም ደግሞ ልብ በሉልኝ፤ «ማስታገሻ»። ከ«ታገሠ» የመጣ ነው። ፈዋሽ አላለውም፤ አጥፊ አላለውም፤ ሕመሙን «እስቲ ታገሥ» የሚል ነው አለ። «ክኒን» የሚለው ቃላችንም ቢሆን ከወባው መድኃኒት ከኪኒን የመጣ ነው። ወባ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ክኒኑም ከእሱ ጋር ይመጣል፣ ይሄዳል። ቁርጥማት መጥቶ አይሄድም። የሚሄድን በሽታ ለማባረር የለመድነውን አዋዋጥ አብሮን ለሚኖር በሽታ አዋልነው። የእናቴም የእኛም ስሕተት ከዚህ ይጀምራል።

አባቶቻችን ለሚመላለስ ሕመም ምን ያደርጉ ነበር? ያደርጉት የነበረው ሁሉ ጥሩ ነበር የሚል ሰው አይደለሁም። ዋግምት ነበር፤ መበጣት ነበር፤ በጋለ ብረት መተኮስ ነበር፤ ቅቤ እያቀለጡ ማሸት፣ ወጌሻ፣ ጠበል። አረቄም ነበር፤ እሱ መድኃኒት ተብሎ ባይጠራም ስንቱን ወገብ አስተኝቷል። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትረልሲን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሳተማቸው የግዕዝና የአማርኛ የመድኃኒት ጽሑፎች ደብተራዎቻችን ስንት ሥርና ቅጠል መዝግበው እንደነበር ያሳያሉ።

ከሁሉም ግን ኮሶን አስታውሳለሁ። ኮሶ የሕመም ማስታገሻ ሳይሆን የትል መድኃኒት ነው፤ ዛፉ በደጋው በእኛም አገር ይበቅላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ብራየር በ19ኛው መቶ ዘመን ለአውሮፓ አስተዋውቆት የላቲን ስሙ ላይ የእሱ ስም ተለጥፎበት ነበር። ኮሶ መርዝነትም አለው፤ ሲበዛ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዓይን ሐኪሞች ይህንኑ ጽፈዋል። አባቶቻችን ይህን የሚያውቁት በነርቭ ስም አልነበረም፤ በፍርሃት ነበር። ኮሶ የሚጠጣ ሰው ቀን ቆርጦ፣ ከወትሮው አመጋገቡ ተቆጥቦ፣ ቤቱን ዘግቶ ይጠጣል። «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ባለዕዳም ሆነ ጌታው አይጠራውም። በየሁለት ወሩ ገደማ አንድ ቀን፣ ከዚያ በቃ። መድኃኒት ማለት የሚፈራ ነገር ነበር። ምሬቱ ራሱ ዘበኛ ነበር፤ ማንም ደስ ብሎት ኮሶ አይደግምም።

የዛሬው ክኒን ምሬት የለውም። በመቀነት ይታሰራል። በውሃ ወረድ ይላል። ዘበኛው የት ሄደ?

መድኃኒት ከውጭ ይዞ የሚመጣ ሰው በእኛ አገር በር ተዘግቶበት አያውቅም። ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ሐኪም አልነበረም፤ ጥቂት ሕክምና ተምሮ ነበር እንጂ። ፈንጣጣ ገብቶበት በነበረው ቤተ መንግሥት ያደረገው እንክብካቤ ግን ሞገስ አስገኘለት። በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ በአገው ምድር በኩል አልፎ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ስለ አገዎችም ጎንደርን በማርና በቅቤ የሚቀልቡ ናቸው ብሎ ጻፈ። ከዚያም ከአድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን እ.ኤ.አ. በ1896 ቁስለኞችን ሊያክም አዲስ አበባ ገባ፤ የምኒልክ ሆስፒታል በኋላ የተተከለው ያ የሩሲያ ሆስፒታል በነበረበት ሥፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ደግሞ ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ አዲስ አበባ ላይ መድኃኒት ቤት ከፍቶ በአገሩ ስም «ጆርጂያ» አለው፤ የመጀመሪያው ዘመናዊ መድኃኒት ቤታችን ተብሎ ይጠቀሳል። እንግዲህ በእንጅባራ ሜዳ ጥር 23 ቀን የሚጋልቡት ፈረሶች የሚያስታውሱት አድዋ፣ ባንዲራና ነጻነት ብቻ አይደለም ያመጣልን፤ የክኒኑንም መንገድ በከፊል ከፍቷል።

ክኒኑ ራሱ ከየት መጣ? እንግሊዛዊው ቄስ ኤድዋርድ ስቶን እ.ኤ.አ. በ1763 የአኻያ ዛፍ ልጥ ትኩሳት እንደሚያበርድ ጻፈ። በ1897 ፌሊክስ ሆፍማን የተባለው የባየር ኩባንያ ኬሚስት የዚያን ልጥ ዝርያ አሻሽሎ ሠራው፤ በ1899 «አስፕሪን» ተብሎ ወጣ። የሚገርመው ያው ኩባንያ በዚያው ሰሞን፣ በ1898፣ ሌላ መድኃኒት ለሳል ብሎ ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ ስሙም ሄሮይን። ሁለቱ ከአንድ ቤት የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። አንዱ በየቤቱ መሳቢያ ገባ፤ ሌላው ወህኒ ቤት ገባ። ያን ጊዜ ግን የትኛው ደጉ፣ የትኛው ክፉው እንደሆነ ማንም አልለየም ነበር።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እኛ «የኅዳር በሽታ» የምንለው፣ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር አገራችንን ያጠፋው ወረርሽኝ፣ ዓለምንም ያዳረሰ ነበር። እኛ ዛሬም ኅዳር 12 ቆሻሻ እያቃጠልን እናስታውሰዋለን። በስዊድን አገር ሁስክቫርና በምትባል የፋብሪካ ከተማ ደግሞ ያው በሽታ ሲገባ ዶክተር ዮርቶን የተባሉ ሐኪም ለሠራተኞች አንድ ዱቄት ያዙላቸው ጀመር። ፌናሴቲን የተባለ ማስታገሻ ከካፌይን ጋር ተቀላቅሎበታል። በሽታው አለፈ፤ ዱቄቱ ግን ቀረ። የፋብሪካው ሰዎች ድካም ያስለቅቃል፣ ሥራ ያሠራል እያሉ በየቀኑ ይወስዱት ጀመር። ለልደት ስጦታ እስከመሰጣጣት ደረሱ። ዓመታት አለፉ። ሰዎቹ በኩላሊት መሞት ጀመሩ። ኩርት ግሪምሉንድ የተባለ ሐኪም ነገሩን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1963 አወጣው፤ ገዳዩ ዱቄቱ ነበር። አሜሪካ ፌናሴቲንን ከገበያ ያወጣችው በ1983 ነው።

ይህን ሳነብ የታየኝ የስዊድን ፋብሪካ አይደለም፤ የዳንግላ ገበያ ነው። ያ ዱቄት ሥራ ያሠራ ነበር። የእናቴም ክኒን ሥራ ያሠራል። ድንች ተሸክመው ገበያ የሚያወርዱት፣ ፋግታ ለኮማ ላይ ከሰል አክስለው የሚጭኑት፣ ውሃ በጀርባቸው የሚያመላልሱት ሁሉ ክኒኑን የሚውጡት ለመተኛት አይደለም፤ ተነሥቶ ለመሥራት ነው። ድኻ ማስታገሻ የሚወስደው ሊያርፍ ሳይሆን ላለማረፍ ነው። እዚህ ላይ ነው መድኃኒቱ ከመድኃኒትነት ወጥቶ ጅራፍ የሚሆነው።

ለምን ግን ሕመምን ዝም የሚያሰኝ ነገር ኩላሊት ይነካል? እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አስረዳ፤ በ1982 የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነታችን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ነገሮችን ያመነጫል። እነዚህ በተጎዳ ቦታ ላይ ሕመሙንና እብጠቱን ያጎላሉ። በጨጓራ ውስጥ ግን ግድግዳውን ከአሲዱ ይጠብቃሉ፤ በኩላሊት ውስጥም የደሙን መግቢያ ክፍት አድርገው ይይዛሉ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፊን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ኢንዶሜታሲን ሁሉ ይህን ምንጭ ያደርቃሉ። ጯሂውን ዝም ሲያሰኙ ዘበኛውንም አብረው ያሰናብታሉ። ጨጓራ ይቆስላል፤ አንዳንዴ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይደማል። ግፊት ይጨምራል። ልብና አንጎልም አይተርፉም፤ ቫዮክስ የተባለው ዝነኛ የቁርጥማት መድኃኒት እ.ኤ.አ. መስከረም 2004 ከገበያ የወጣው ድንገተኛ የልብ ደም ሥር መዘጋትንና ስትሮክን በመጨመሩ ነው። ዳይክሎፌናክም ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ በዚህ ረገድ ከሚጠረጠሩት ወገን ነው።

የእናቴ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ለግፊቷ የምትወስደው ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን ሽንት የሚያበዛ ክኒን ነው። ሁለቱም ደህና መድኃኒቶች ናቸው። ዳይክሎፌናክ ሲጨመርባቸው ግን፣ ሐኪሙ በወረቀት ላይ ሥሎ እንዳሳየኝ፣ አንዱ የኩላሊቱን የደም መግቢያ ያጠባል፤ አንዱ መውጫውን ይለቃል፤ ሦስተኛው የሚፈሰውን ይቀንሳል። ወንፊቱ ደርቆ ይቀራል። ሦስቱም ክኒኖች በአንዲት ሴትዮ ሆድ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት ሲገናኙ ሰጪዎቻቸው ግን ተገናኝተው አያውቁም። አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ፤ ግፊት ያለበት ወላጅ ካለህ ዛሬውኑ ሄደህ ቋጠሮውን አስፈታው።

ኩላሊት በእኛ አገር ሲደክም ምን እንደሚከተል አዲስ አበባ ያለን ሰዎች በዓይናችን አይተናል። ለእጥበት የሚሆን ገንዘብ በድምፅ ማጉያ ሲለመን በየአደባባዩ ሰምተናል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው፤ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከዳንግላ እስከዚያ አልጋ ያለው መንገድ በኪሎ ሜትር የሚለካ አይደለም።

«እንግዲያው ጠንከር ያለ፣ ኩላሊት የማይነካ አይኖርም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። አለ። እዚህ ላይ የአሜሪካኖቹን ታሪክ ማንሣት ግድ ይላል፤ ዘመዶቻችንም እዚያ ናቸውና። ከዋሽንግተን የሚመጣ ሻንጣ ውስጥ ከጫማውና ከሽቶው ጋር ትልቅ ጠርሙስ አድቪልና ታይሌኖል የማይጠፋው ለምን ይመስላችኋል?

እ.ኤ.አ. በ1980 ጄን ፖርተርና ኸርሸል ጂክ የተባሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ አምስት አረፍተ ነገር ብቻ ያላት ደብዳቤ አወጡ። ሆስፒታል ተኝተው እንደ ሞርፊን ያሉ መድኃኒቶች ከተሰጧቸው 11,882 ሰዎች ውስጥ ሱስ መያዙ የተመዘገበው አራቱን ብቻ ነው የምትል ናት። ሐቅ ነበረች። የተናገረችው ግን ሆስፒታል ውስጥ በዓይን እየታዩ ስለሚታከሙ ሰዎች ነው። ከዚያ በኋላ መድኃኒት ሻጮችና ሐኪሞች እየደጋገሙ ጠቀሷት፤ ዓመት ሙሉ ወገቡን ለሚያመው ሰው ወደ ቤቱ ይዞት ለሚሄደው ክኒን ማስረጃ አደረጓት። በ1996 ኦክሲኮንቲን ገበያ ገባ። ሻጩ ኩባንያ በ2007 ሕዝብን በማሳሳት ጥፋተኝነቱን አመነ፤ በ2020ም ደገመ። ከ1999 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት በዚህ ዓይነት መድኃኒቶችና ዕፆች ከ600 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሞቱ። ተማሪዎቼን «ጥቅስ ከዐውዱ ሲነጠል ውሸት ይሆናል» እያልኩ አስተምር ነበር። ሰው ይገድላል ብዬ ግን አስተምሬ አላውቅም።

ደግሞስ ያ ሁሉ አደጋ ለጉልበት ይረዳል ወይ? በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የወገብ፣ የዳሌና የጉልበት ሕመም የቆየባቸውን 240 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ዓመት ሙሉ ተከታተለ። ጠንካራዎቹን የወሰዱት ቀላሎቹን ከወሰዱት አልተሻሉም፤ የተረፋቸው የጎንዮሽ ጉዳቱ መብዛት ነው። እኛም አገር ትራማዶልን እንደ ሻይ የሚያዩት አሉ። የዚያ ቤተሰብ ነው፤ ይለመዳል፤ ሲያቆሙት ያንቀጠቅጣል፤ ሲበዛም የሚጥል በሽታ ዓይነት ያመጣል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ወደ አፍ የሚጠጋ ነገር አይደለም።

ግን በዚህ ፈርተን ሌላ ስሕተት እንዳንሠራ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት የተባለው መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እንዳሰፈረው፣ በዓመት በዓለም ከሚሰራጨው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰሉ ውስጥ ለድኻ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ነው። አሜሪካኖቹ በትርፉ ሲሞቱ የእኛ የካንሰር ሕመምተኞች በእጦቱ እየጮኹ ያልፋሉ። ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያን የመሠረቱት ለዚህ ነው፤ የማይድን ሰው ቢያንስ ሳይሰቃይ እንዲሄድ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 ያወጣው የማስታገሻ መሰላል መጀመሪያ የታሰበው ለካንሰር ሕመም ነበር። የማይድንን ሰው ከሞርፊን መከልከል ጭካኔ ነው፤ ለቆየ ቁርጥማት ሞርፊን መስጠት ደግሞ ቂልነት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሕመም አይደሉም። የእኛ አገር ጉድ መሰላሉ መገልበጡ ነው፤ ሊከበድ የሚገባው በየሱቁ ይገኛል፤ ሊገኝ የሚገባው ተቆልፎበታል።

ወደ እንጅባራ ልመልሳችሁ። የፈረሰኞቹ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገራል። በየዓመቱ በጥር ጊዮርጊስ ሜዳው በፈረስ ይሞላል። ያን ቀን ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ጋላቢ የነበሩ፣ አሁን ወገባቸውን ይዘው በምርኩዝ የሚያዩ። ስለ እናቴ አጫወትኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣

«ፈረስ ሲያነክስብህ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ ጋሼ፤ ፈረስ ኖሮኝ አያውቅም።»

«ጭነቱን ታወርዳለህ። ታሳርፈዋለህ። እንዳያነክስ አድርገህ አደንዝዘህ ብትጋልበው እግሩ ይሰበራል፤ አንተም ትወድቃለህ። ማነከሱ እኮ እየነገረህ ነው።»

ሽማግሌው ፋርማኮሎጂ አልተማሩም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ካነበብኩት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ለእናቴ ክኒን ስንከለክል ጭነቷን አላወረድንላትም ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ያነሣችው ጀሪካን፣ ያጎነበሰችበት ምድጃ፣ የወጣችው ዳገት እንዳለ ነበር። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን ያረሰ ገበሬም ታሪኩ ይኸው ነው። እግሩ ሲያብጥና ሲያቃጥለው ስንት ዘመን «እርግማን ነው» ተባለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥፋቱ የአፈሩ እንደሆነ፣ መከላከያውም ጫማና ንጽሕና እንደሆነ አሳየ። ለዚያ እግር የሚበልጠው ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት አይገዛም፤ ከጫማ ቤት ነው የሚገዛው።

ሳልናዘዝ የማላልፈው ነገር አለ። እናቴን ስቆጣ «አንተስ በኪስህ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ። አይቡፕሮፊን ነበር። ቁጭ ብዬ ስጽፍ ወገቤን ያመኛል፤ ጽሑፉ ደግሞ ማክሰኞ መድረስ አለበት። በየሳምንቱ ሰኞ ሁለት፣ ማክሰኞ ሁለት፤ ለስንት ዓመት እንደሆነ ቆጥሬ አላውቅም። ዲግሪ ያለው ሰው ክኒኑን በኮት ኪስ ይይዛል፤ የሌለው በመቀነት። ልዩነቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ምን ተደረገ? ሐኪሙ ዘንድ ተመለስንና ጥያቄውን ቀየርን። «ይቁም ወይስ ይቀጥል?» ሳይሆን «ምን ዓይነቱ፣ ስንት፣ ለስንት ጊዜ፣ ከምን ጋር፣ ማን እያየው?» አልን። ዳይክሎፌናኩ ቆመ፤ በዚህ ላይ ድርድር አልነበረም። ፓራሲታሞል ተፈቀደ። ፓራሲታሞልም መልአክ አይደለም፤ ሲበዛ ጉበት ይገድላል። ጤነኛ ጎልማሳ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት የ500 ሚሊግራም ክኒን እንዳያልፍ ይባላል፤ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥም ተደብቆ ስለሚገኝ ሳያውቁት ይደረባል፤ ከአረቄ ጋርማ ጭራሽ አይስማማም። ለእናቴ ስድስት ተባለላት። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስለዚህ ጠዋት ስድስት የባቄላ ፍሬ በአንድ ስኒ ታደርጋለች፤ አንድ ክኒን በዋጠች ቁጥር አንዱን ፍሬ ወደ ሌላው ስኒ ታሻግራለች። ባቄላው ሲያልቅ ቀኑ አለቀ። እኔ ያየሁት ከሁሉ የተሻለ የመድኃኒት መዝገብ ይህ ነው።

ውሃ የሚቀዳላት ልጅ ተገኘ። ምድጃዋ ከፍ ተደርጎ ተሠራ። ጉልበቷን በሙቅ ጨርቅ ትይዘዋለች፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ማንሣትና መዘርጋት ተምራለች፤ መጀመሪያ ላይ ስቃበት ነበር። በየስድስት ወሩ ደሟ ይታያል። ኩላሊቷ አልዳነም፤ ግን ከዚያ በኋላ አልባሰበትም።

ጉልበቷስ? ያማታል። ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ድሮ በየቀኑ ኪዳን ትደርስ ነበር፤ አሁን እሑድንና ዓመት በዓልን ብቻ ነው፤ እሱንም በባጃጅ። ያ የተቀነሰው ኪዳን በየትኛውም የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ አይታይም፤ ለእሷ ግን ከኩላሊቱ የሚያንስ ዋጋ አይደለም። የክኒኑን ጉዳት የሚመዝን ሰው የሕመሙንም ጉዳት በሌላው የሚዛኑ ወገን ካላስቀመጠ ሚዛኑ የውሸት ነው። ስለ ኩላሊትና ስለ ጉልበት ለጠየቀችኝ ጥያቄ እስከዛሬ ሙሉ መልስ አላገኘሁለትም። ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው፤ ኩላሊቷን የምታስቀምጠው ለእኛ ነው፤ እንግዲያው ጭነቱን ማውረድም የእኛ ፋንታ ነው።

ባለፈው ስደውልላት «ዛሬ ስንት ባቄላ ቀረሽ?» አልኳት።

«ሁለት» አለችኝ። «አንተስ?»

እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ስኒ አስቀምጫለሁ።

ቸር ያሰንብተን።